ከምርቃቱ የወጣው ድምፅ

በደርግ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ማዶ በነበረች አንዲት ካሴት ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ከካሴት ወደ ካሴት መገልበጥ ነው። ዘፈን እገለብጣለሁ፤ የሠርግ ቀረጻ እገለብጣለሁ፤ ወደ ሰሜን ለዘመተ ልጅ የሚላክ የእናት ድምፅ እገለብጣለሁ። ብርዱ እጅ ስለሚያደነዝዝ ጣቶቼን ከድምፅ ማጉያው ጀርባ፣ ሙቀት በሚወጣበት በኩል፣ አስጠግቼ ነበር የምውለው።

የሱቁ ባለቤት የአልዩ አምባ ሰው ነው። ዘመዶቹ በቆላው በኩል የሚነግዱ ናቸውና አንድ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ማሽን ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ቁልፎች አሉት። የፈረንጅ ስሙ ኢኩዋላይዘር ነው፤ እኛ ግን ቁልፎቹ ጥርስ ስለሚመስሉ ማበጠሪያ አልነው። እያንዳንዱ ጥርስ የድምፅን አንድ ክፍል ይዟል። በግራ ጫፍ ከበሮና የመኪና ጉርምርምታ አለ፤ በቀኝ ጫፍ ጸናጽልና ካሴቱ ራሱ የሚያወጣው ሽሽ የሚል ድምፅ አለ፤ ሰው የሚናገረው ከመሃል ላይ ነው። አንዱን ጥርስ ወደ ታች ስትስበው ያ ክፍል ብቻ ይሰምጣል። የማትፈልገው ድምፅ የት እንደተደበቀ ለማወቅ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዝቅ፣ ከፍ እያደረጉ መስማት ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

በዚህ ሥራ ጎበዝ ነበርኩ። ንፋስ ከሚያፏጭበት ቀረጻ ውስጥ የሰው ቃል አወጣለሁ። ጀኔሬተር የሚያጓራበትን የሠርግ ካሴት አጽድቼ ስሰጥ እናቶች ጉንጬን ይስሙኛል። እኔም በኩራት አበጥኩ። ደንበኛ በተሰለፈ ቁጥር አንገቴን ዘመም አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሐኪም የልብ ምት እንደሚያዳምጥ መሆን አበዛሁ። አሁን ሳስበው ያ አንገት ዘመም ማድረግ ብቻውን ያሳፍረኛል።

የሚያሳፍረኝ ሌላው ነገር ግን ከዚያ በፊትም ነበረ። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላ ይሠራል፤ እኔም ከተማ እስክገባ ድረስ ወናፍ እየገፋሁ፣ ጢስ እየዋጥኩ ነው ያደግሁት። ገበሬው ማረሻውን ለማሳል ወደኛ ይመጣል እንጂ እኛ ቤት እህል አይቀምስም። ልጁ ከታመመ ዓይናችሁ ነው ይለናል።

ደብረ ብርሃን ስገባ የገበሬ ልጅ ነኝ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም ዘመኑ የመዶሻ ዘመን ነበር፤ በየቀበሌው በር መዶሻና ማጭድ በቀይ ቀለም ተስሎ ቆሟል። በሰልፍ ቀን ድምፅ ማጉያውን ተሸክሜ የምሄደው ከአንድ ግዙፍ ሥዕል ኋላ ነው፤ ክንዱ የፈረጠመ ሰው መዶሻ አንሥቶ። አቤት የዚያ ሰውዬ ክብር! ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። እኔም እያጨበጨብኩ በሆዴ፣ ይሄ ሰውዬ ሴት ልጃችሁን ቢጠይቅ ትሰጡት ነበር ወይ እላለሁ። መድረክ ላይ ላብ አደር ይባላል፤ ቤት ውስጥ ሲገቡ አጥንት ይጠየቃል።

ሴት ልጅ የጠየቅሁት ግን እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። የተዋወቅነው ካሴት ልታስገለብጥ መጥታ በነጋታው ተመልሳ ስትጨቃጨቀኝ ነው።

«ዘፋኙን ጉንፋን አስይዘኸዋል» አለችኝ።

«አጥርቼው ነው እንጂ!»

«አጥርተህ አጥርተህ አፍንጫው ብቻ ቀርቷል። መልሰው።»

እውነቷን ነበር። ጆሮዋ ከእኔ ይሻላል። ያን ቀን ተናድጄባት፣ በሳምንቱ ናፍቄያት፣ በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁባት።

አባቷ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። መሬታቸውን አዋጁ ወስዶታል፤ ኩራታቸውን የሚወስድ አዋጅ ግን አልወጣም። ሽማግሌዎቹን በደህና ተቀብለው አንድ ነገር ጠየቁ። የልጁ አባት ለምን አልመጣም? እኔም መልሱን አዘጋጅቼ ነበር፤ አባቴ እግሩን በሬ ረግጦት መንቀሳቀስ አይችልም አስባልኩ። እግሩ መታመሙ እውነት ነው። የወደቀበት ግን የጋለ ብረት ነው፤ በሬ የለንም።

«እንግዲያስ ቃሉን ልስማ» አሉ ሰውየው። «ልጁ ድምፅ ሲቀዳ ነው የሚውለው። የአባቱን ምርቃት አስቀርጾ ያምጣ። አባት ሳይመርቅ ልጅ አልሰጥም።»

ከዚያ በፊት ለቤተሰቦቼ ትንሽ ቴፕ ሰጥቻቸው ስለነበር በአንድ ሾፌር በኩል ባዶ ካሴት ላክሁ። ካሴቱ የተመለሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነበር። ውስጥ ሆኜ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የመጣው ወናፉ ነው። ሁፍ፣ ሁፍ። የከሰሉ ጢስ ከድምፅ ማጉያው የወጣ መሰለኝ። ቀጥሎ የአባቴ ጉሮሮ ተጠረገ፤ ከዚያ ምርቃቱን ጀመረ። በእያንዳንዱ ምርቃት መጨረሻ ደግሞ መዶሻው ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ በባዶው መታው፤ ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ ቶሎ የማይጠፋ ድምፅ።

ምን እንዳደረገ ወዲያው ገባኝ። በእኛ ዘንድ ከቤት የሚወጣ ልጅ እንዲህ ነው የሚመረቀው። እሳት ይነድዳል፣ ወናፍ ይገፋል፣ አባት እያንዳንዱን ቃል ብሎ ሲጨርስ ብረቱን በባዶው ይመታል፤ ብረቱ ይስማ ይባላል። ታላቅ እኅቴ ስትዳር እንዲህ ተመርቃለች። አባቴ በሥራ መሃል በግዴለሽነት የቀዳው አይደለም። ያለውን ሁሉ አውጥቶ ነው የላከልኝ።

እናቴም አለችበት። እኔ ከወጣሁ በኋላ ወናፉን የምትገፋው እሷ ናት። ድምፅዋ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው፤ ከመዶሻው በኋላ፣ ወናፉ ሊተነፍስ ሲል፣ «አሜን» ትላለች። ጆሮ ካልሰጠኸው አይሰማም።

ዓይኔ እንባ ሞላ። ወዲያውም ፊቴ ጋለ። ይህን ካሴት ከእነዚያ ሰዎች ሳሎን አስቀምጬ ስከፍተው ታየኝ። ወናፍ የማያውቅ ሰው በሸዋ የለም።

ደግሞ ይቀዳ ብዬ ልመልሰው እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? አባዬ፣ መዶሻህን ደብቅልኝ ልለው ነው? ይህን ለመናገር ወኔ አጣሁና ማበጠሪያውን አበራሁ።

በመጀመሪያ ምቱ ሲደርስ የመቅጃውን ማቆሚያ ቁልፍ እየተጫንኩ ምቱን ብቻ ልዘል ሞከርኩ። አልሆነም፤ የብረቱ ጩኸት በሚቀጥለው ቃል ሥር ተንጠልጥሎ ይቆያል። ስለዚህ ወደ ጥርሶቹ ሄድኩ። የመዶሻው ጥራት በቀኝ በኩል ባሉት ጥርሶች ላይ ተኝቷል፤ ሳብኳቸው። መዶሻው የተከደነ ድስት የተመታ ያህል ሆነ፤ ነገር ግን የአባቴ ሰ እና ጸ አብረው ሄዱ። «ልጄ ስማኝ» ያለው «ልጄ ማኝ» ሆነ። ትንሽ መለስኩ፤ መዶሻውም ትንሽ ተመለሰ። እንዲህ ስጎትትና ስመልስ ነው ያመሸሁት።

በዚህ መሃል የሱቁ ባለቤት የረሳውን ቁልፍ ሊወስድ ገባ። ቆሞ አዳመጠ።

«ይሄ አባትህ ነው አይደል? ወላሂ፣ በመዶሻው አውቀዋለሁ! አባቴ ከሱ ሌላ ማጭድ ገዝቶ አያውቅም።» ከዚያ እጄን አየ። «ምን እያደረግክ ነው?»

ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝም ደስ ባለኝ። እሱ ግን ጢሙን አሻሸ።

«ሴት ልጅ ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር ወይ ብትለኝ» አለ በመጨረሻ «አላህ ያውቃል፣ እኔ አላውቀውም። ስትጨርስ መብራቱን አጥፋ።»

ወጣ። ከስድብ ይልቅ ያ ነው ያበረታኝ። እንግዲህ አንድ ወዳጄ እንኳ እንዲህ ካለ፣ ብዬ ወደ ግራዎቹ ጥርሶች ዞርኩ። ወናፉ እዚያ ነው። እስከ ታች ሳብኳቸው። ወናፉ ጠፋ። የአባቴ ደረትም አብሮ ጠፋ፤ ቃሉ ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ የስልክ ንግግር መሰለ። የእናቴም አሜን ሄደ። መሄዱን ሰምቻለሁ። መልሼ ከፍ አድርጌም ፈልጌዋለሁ፤ አሜኑ ሲመጣ ወናፉንም ይዞ ይመጣል፣ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። አንድ አሜን ቢጎድል ምርቃቱን አያፈርሰውም አልኩና ተውኩት።

ግልባጩን ጨርሼ ስሰማው አባቴ ቤት ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ፣ ትንሽ ያመመው፣ ጨዋ ገበሬ ሆኗል። ከዚያ ዋናውን ካሴት መልሼ አስገባሁና ዘፈን ቀዳሁበት። ማንም እንዳያገኘው ነው። አባቴ ያን ሁሉ ያወጣበትን ካሴት በማግስቱ አንድ ሾፌር የጭፈራ ዘፈን ብሎ ገዝቶት ሄደ።

ምርቃቱን በእጮኛዬ ቤት ሳሎን አሰማሁ። ሰዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። መዶሻው በነበረበት ቦታ ዝምታ ስለቀረ እዚያ እዚያ ላይ «አሜን» እያሉ ሞሉት። አባቷ ሲያበቃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ድምፁ የጨዋ ሰው ነው» አሉ። «እግዚአብሔር እግሩን ይማረው።»

እሷ ግን ደጅ ድረስ ሸኝታኝ፣ «አባትህን ምን አድርገሃቸው ነው?» አለችኝ።

«ንፋስ ነበረበት፤ አጸዳሁት።»

ዓይኔን ፈልጋ አጣችው። «ንፋስ» ብላ ወደ ቤት ተመለሰች።

ቀለበት በምናስርበት ቀን አባቴ መጣ። አልጠራሁትም ነበር። እግሩ ሻል ሲለው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ካሴቱን በወሰደው ሾፌር በኩል ቀኑን ልኮበት ኖሮ፣ በአተር ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ እያነከሰ ግቢው ውስጥ ገባ። ሰዎቹ በደስታ ተነሡ። እኔም ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምኩ፤ ጋቢው ታጥቦም ከሰል ከሰል ይላል።

«እግርዎ እንዴት ነው? የበሬው ርግጫ ተሻለዎት?» አሉት የእጮኛዬ አባት።

አባቴ ወደ እግሩ አየት አደረገ። «ተመስገን፣ ተሽሎኛል» አለ።

ከጎናቸው አስቀመጡት። ከዚያ ሊያከብሩት ብለው ቴፑን ከፈቱ፤ «ይህ ቤት ልጁን የወደደው በርስዎ ቃል ነው፣ ይስሙት» አሉ። ልነሣና ልዘጋው ፈለግሁ፤ በምን ሰበብ? ተቀምጬ ጠበቅሁ። አባቴ የራሱን ምርቃት ሰማ። የመጀመሪያው ሐረግ አልቆ መዶሻው ሊመጣ ሲገባው ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። መዶሻው አልመጣም። በሳሎኑ የተቀመጡት «አሜን» አሉ። በሁለተኛውም እጁ ተንቀሳቀሰች። በሦስተኛው አልተንቀሳቀሰችም። እኔን አላየኝም። ቴፑን ብቻ አየ፤ እስኪያልቅ ድረስ።

ምግብ ቀረበ። ጥሬ ሥጋ ነበርና የእጮኛዬ አባት ቢላውን አንሥተው ለአባቴ አቀበሉት። አባቴ ቢላውን አገላበጠው። እኔም እጀታው ሥር ያለችውን የአባቴን ምልክት ከሩቅ አየኋት፤ ልጅ ሆኜ ስትቀረጽ መብራት ይዣለሁ።

«ስለቱ ግሩም ነው» አሉ ሰውየው። «የአልዩ አምባ ገበያ ነው። የነዚያ ሰዎች እጅ ይባረክ ማለት ይቻላል፤ ዓይናቸው ባይኖር። ሲበሉ ብቻ አይዩዎት እንጂ!»

ሁሉም ሳቀ። ነገሩን በክፋት አልነበረም ያሉት፤ የሚባል ነገር ስለሆነ ነው። አባቴም ፈገግ አለ።

«አዎ፣ ጥሩ ስለት ነው» አለ። የተቃጠለች እጁን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ ቆረጠበት።

«እርስዎስ፣ እዚያ አገር ምን ምን ይዘራሉ?»

አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበር፤ ቢናገረው ሁሉም ነገር ያልቃል፣ ምናልባትም ይሻል ነበር። አባቴ የቆረጠውን ሥጋ አስቀመጠ።

«ገብስ» አለ። «ትንሽ ባቄላ። መሬቷ ጠባብ ናት።»

ያን ጊዜ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ይህ ነው ሳስታውሰው ፊቴን በእጄ የሚያስሸፍነኝ። አባቴ በሰው ፊት ዕድሜውን ሙሉ የሠራበትን እጁን ካደልኝ፣ እኔም ተመስገን ብዬ ጎረስኩ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘሁት። ብርድ ነበር፤ ሁለታችንም እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተናል። ይናገረኝ ብዬ ጠበቅሁ። ሲሳፈር፣ «የበሬውን ነገር አስቀድመህ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር» አለኝ። «የቱ በሬ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።» በአነጋገሩ ቁጣ የለም። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ካሴቱን ስጠኝ። ለእናትህ አሰማታለሁ ብያታለሁ፤ ስትጠብቅ ነው የከረመችው።»

«እሱ እኮ...» አልኩ።

«ስጠኝ» አለ።

ሰጠሁት።

ተጋባን። ለሚስቴ እውነቱን የነገርኳት ከሠርጉ በኋላ ነው፤ አልቅሳ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ያዘነችው የቀጥቃጭ ልጅ በመሆኔ አልነበረም። ለአባቷ አልነገርንም፤ ሳያውቁ ሞቱ። ደርግ ወድቆ መዶሻው በየቀበሌው በር ላይ እስኪፋቅ ድረስ አባቴ በዚያ ቤት ዘንድ ገብስና ባቄላ የሚዘራ ገበሬ ሆኖ ኖረ፤ በዓል ሲመጣ ሰላምታ ይልኩለታል፣ አዝመራው እንዴት ነው ይሉታል፣ እሱም መልስ ይልካል።

ከሠርጉ በኋላ መጀመሪያ ወደ አገር ቤት የወረድኩት ብቻዬን ነው። እሳቱ ጠፍቶ ነበር፤ አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ በሞረድ የማጭድ ጥርስ ያወጣል። እናቴ የገብስ ጠላ አቀረበችልኝና ቴፑን አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠችው። ካሴቱ ውስጡ ነበር።

«ሰማሁት» አለችኝ። «አባትህ እንዴት አማረበት! ልክ እንደ ሬዲዮ ሰው።»

«አዎ» አልኩ።

«እኔን ግን አጣሁኝ። አባትህን ብጠይቀው ዝም አለኝ። ደጋግሜ ከፈትኩት። ወናፉ ጋ ሆኜ አሜን ብዬ ነበር፤ በያንዳንዱ ብያለሁ።» ወደ ቴፑ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ውስጡ የተደበቀች ይመስል።

የአባቴ ሞረድ ቆመ። ደጅ ላይ ሆኖ እንደሚሰማን አወቅሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እውነት እላለሁ፣ ከፍቼው ነበር።

«ካሴቱ አሮጌ ነው፣ እማዬ» አልኳት። «አንዳንድ ድምፅ አይዝም።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ የምታጽናናኝ እኔን ነው።

«የካሴቱ ጥፋት አይደለም» አለች። «ድምፄ ድሮም ዝቅ ያለ ነው። ላንተ ስል ጮክ ማለት ነበረብኝ።»